የእድር ጥሩምባ ለገበያ አይነፋም

የቴሌግራም ግሩፕ አስተዳዳሪነት በዚህ አገር ደሞዝ የሌለው ዳኝነት ነው። ግሩፑ የቴክኒክ እርዳታ መስጫ ከሆነ ደግሞ ዳኝነቱ ይከብዳል። ኮምፒውተሩ የተበላሸበት፣ ስልኩ የተቆለፈበት፣ የጻፈው ኮድ አልሠራ ያለው ሰው የሚጠይቅበት፣ የሚያውቅ ደግሞ በነፃ የሚመልስበት ግሩፕ ማለቴ ነው።

አስተዳዳሪው ጠዋት ተነስቶ ስልኩን ሲከፍት የሚጠብቀው የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ያገለገለ ስልክ ሽያጭ አለ። «ይህን ሊንክ ተጭናችሁ ሳንቲም ሰብስቡ» አለ። የበዓል መልካም ምኞት አለ። ለታመመ ሰው የተላለፈ የእርዳታ ጥሪ አለ። ሌሊት ተጀምሮ እስኪነጋ ያላለቀ የፖለቲካ ጭቅጭቅ አለ። የትኛውን ያጥፋ? የትኛውን ይተው? ማንን ያስወጣ?

ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሰላም በምታነቡበት ቻናል ላይ ስለ ግሩፕ ደንብ መጻፌ የሚገርማችሁ ትኖራላችሁ። ጉዳዩ ግን እንደሚመስለው ትንሽ አይደለም። በክፍለ ሀገር ከተማ ለሚኖር ተማሪ፣ በዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች ስልኳ ለተቆለፈባት እህት፣ በአማርኛ ጠይቀው በአማርኛ የሚመለስላቸው ቦታ ብዙ አይደለም። እነዚህ ግሩፖች ለእነሱ የእርዳታ ዴስክ ናቸው። ዴስኩ በጫጫታ ከተዘጋ የሚሄዱበት የላቸውም።

አቋሜን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ከርዕስ ውጭ የሆነ መልእክት ላይ የምንወስደው እርምጃ መመዘን ያለበት መልእክቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ በሚል አይደለም። በዚያ ሰዓት እርዳታ እየጠበቀ ያለውን ሰው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል በሚል ነው። ደንቡ የወጣው ለእሱ ነው። ለአስተዳዳሪው ክብር አይደለም፤ ለነባር አባላት ምቾትም አይደለም።

ጉዳቱ የሚደርሰው ማን ላይ ነው?

እንበልና አንዲት ባለሱቅ የዕለት ሽያጯን የምትመዘግብበት ላፕቶፕ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሰማያዊ ስክሪን አምጥቶ አልነሳ አላት። ጠዋት ሱቅ መክፈት አለባት። የምታውቀው ጠጋኝ ስልክ አያነሳም። ብዙ ሺህ አባላት ወዳሉት ግሩፕ ገብታ የስክሪኑን ፎቶ ለጠፈች፤ «እባካችሁ እርዱኝ» ብላም ጻፈች። ከእሷ መልእክት በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ 3 የስልክ ማስታወቂያ፣ 20 «አሜን»፣ አንድ ረጅም የፖለቲካ ጽሑፍና በጽሑፉ ላይ የተነሳ 40 መልስ ተከተለ። የባለሱቋ ጥያቄ ወደ ላይ ተገፍቶ ከዓይን ጠፋ። ማንም አልሰደባትም፤ ማንም መልእክቷን አላጠፋም። ግን አልተሰማችም።

ሁለተኛው ተጎጂ መልስ የሚያውቀው ሰው ነው። ጥያቄዋን ቢያየው በ5 ደቂቃ የሚፈታላት ባለሙያ ግሩፑ ውስጥ አለ። ስልኩ በቀን 300 ጊዜ ስለጮኸበት ግን ከወራት በፊት የግሩፑን ማሳወቂያ ዘግቶታል። እንዲህ ያለ ሰው ሲሄድ አይሰናበትም፤ «ለቅቄአለሁ» ብሎ አይጽፍም። የአባላቱ ቁጥር ይጨምራል፤ የሚመልሰው ሰው ይቀንሳል። ከውጭ ሲታይ ግሩፑ ደምቋል፤ ከውስጥ ግን ጠያቂ ብቻ ነው የቀረው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት የሚባሉት የቴሌግራም ጨዋታዎች የነበራቸውን ጊዜ አስታውሱ። የመጋበዣ ሊንክ ያልተለጠፈበት ግሩፕ ማግኘት ከባድ ነበር። ለለጠፈው ሰው አንድ ሊንክ ነው። ግሩፑ ውስጥ ላለው ሰው ግን አንድ ሺህ ሊንክ ነው።

ጫጫታው ሌላም ጣጣ አለው፤ ለአጭበርባሪ መደበቂያ ይሆናል። ሁሉም ነገር በሚለጠፍበት ቦታ የተጨነቀ ጠያቂ ፈልጎ፣ በውስጥ መስመር «የግሩፑ አስተዳዳሪ ነኝ፤ በስልክህ የገባውን ኮድ ላክልኝ» ማለት ቀላል ነው። ሥርዓት ባለበት ግሩፕ ሰው ማን አስተዳዳሪ እንደሆነና አስተዳዳሪ ምን እንደማይጠይቅ ያውቃል።

የቆየ ችግር ነው

ይህን ችግር ያመጣው ቴሌግራም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያሰቡትና በ1980 ሥራ የጀመረው ዩዝኔት የሚባል መረብ ነበር። ሰዎች በየርዕሱ ተከፋፍለው በጽሑፍ የሚወያዩበት ነው። እየሰፋ ሲሄድ ርዕሶቹ ተቀላቀሉ። በ1987 እንደገና ሲደራጅ የኮምፒውተር ጉዳይ ለብቻው፣ ሳይንስ ለብቻው፣ መዝናኛ ለብቻው ተመደበ። ማለቂያ ለሌለው ክርክር ደግሞ «ቶክ» የሚባል የራሱ ክፍል ተሰጠው። ክርክሩን አላገዱትም፤ ቤት ሰጡት። ዛሬም ድረስ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የመጣ አይመስለኝም።

ዩዝኔት በየዓመቱ አንድ ፈተና ነበረበት። በሴፕቴምበር አዳዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገባሉ፤ ያገኙትን ነገር ያገኙት ቦታ ላይ ይለጥፋሉ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥርዓቱን ይለምዳሉ ወይም ይተዉታል። ከ1993 በኋላ ግን የንግድ ኢንተርኔት አቅራቢዎች በሩን ለሕዝብ ከፈቱ፤ አዲስ ሰው በየቀኑ ይጎርፍ ጀመር። ነባሮቹ ያንን ዘመን «ማለቂያ የሌለው ሴፕቴምበር» ብለው ጠሩት። የእኛ ግሩፖችም እንደዚያው ዓመቱን ሙሉ መስከረም ላይ ናቸው፤ አደይ አበባው የለም እንጂ።

በ1995 አርኤፍሲ 1855 በሚል ቁጥር የወጣው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ ለአዲስ ገቢ የሰጠው ምክር አንዱ «ምንም ከመለጠፍህ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር አንብብ» የሚል ነበር። ለጨዋታ ለመጣ ሰው ጥሩ ምክር ነው። ጠዋት ሱቅ ለምትከፍተው ሴት ግን አይሆንም። እርዳታ ፈላጊ ሥርዓት አጥንቶ አይመጣም፤ ተጨንቆ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሥርዓቱ በር ላይ ሆኖ ሊቀበለው ይገባል እንጂ እሱ ሥርዓቱን ፍለጋ ሊዞር አይገባም።

ጥብቅነትም ዋጋ አለው

በሌላ በኩል የሄዱትንም እንይ። በ2008 ጄፍ አትዉድና ጆኤል ስፖልስኪ የመሠረቱት ስታክ ኦቨርፍሎው ለፕሮግራመሮች የተሠራ የጥያቄና መልስ ቦታ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ጨዋታ የለም፣ ሰላምታ የለም፣ ጥያቄና መልስ ብቻ። ከርዕስ የወጣ ጥያቄ በቂ ነጥብ ያከማቹ አባላት ድምፅ ሲሰጡበት ይዘጋል። ውጤቱ ግሩም ነበር። ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ፣ አዲስ አበባም ሆነ ባንጋሎር፣ ችግሩን ጎግል ላይ ሲፈልግ መልሱን የሚያገኘው እዚያ ነበር።

ጥብቅነቱ ግን ሌላ ነገር ወለደ። ጀማሪ ጥያቄውን ለጥፎ ሳይጨርስ ይዘጋበታል፤ ምክንያቱ በአንድ ደረቅ መስመር ይነገረዋል፤ ምን ቢያስተካክል እንደሚከፈትለት ሳይገባው ይሄዳል። በ2013 «ተዘግቷል» የሚለውን ቃል «ለጊዜው ተይዟል» በሚል ለማለዘብ ሞከሩ። በኤፕሪል 2018 ደግሞ ድርጅቱ ራሱ በይፋ ጽሑፍ፣ ብዙ ሰው በተለይም ጀማሪዎችና ሴቶች ቦታውን ጠላትነት የሚታይበት አድርገው እንደሚያዩት አመነ። ዛሬ እዚያ የሚጠየቀው ጥያቄ ከድሮው እጅግ ቀንሷል፤ ብዙ ሰው ለቻትጂፒቲና ለመሰሎቹ መጠየቅን መርጧል። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን ማሽኑ «ይህ ጥያቄ እዚህ አይጠየቅም» ብሎ ፊት ስለማይነሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለእኛ ትምህርቱ ሁለት ነው። ደንብ የሌለው ግሩፕ ባለሙያውን ያባርራል፤ ርኅራኄ የሌለው ደንብ ደግሞ ጠያቂውን ያባርራል። ሁለቱም መጨረሻቸው ባዶ ግሩፕ ነው።

እኛ ይህን እናውቀዋለን

ለዚህ ከውጭ መመሪያ ማምጣት አያስፈልገንም። እድር አለን። እድር ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ደንቡን ማንም ፖሊስ አያስከብረውም፤ አባላቱ ራሳቸው ናቸው።

የእድር ጥሩምባን አስቡ። ሌሊት ሲነፋ ሰው ከሞቀ አልጋው የሚነሳው ጥሩምባው የሚነፋው ለሐዘን ብቻ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። አንድ አባል ጥሩምባውን ወስዶ «በሬ እሸጣለሁ» ብሎ ቢነፋበትስ? በሬ መሸጥ ነውር አይደለም። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ለሞት ሲነፋ ማን ይነሳል? የሰፈሩ ሰው ሻጩን የሚቆጣው ንግድ ስለሚጠላ አይደለም። የጋራ የሆነውን፣ የነገ ሐዘንተኛ የሚያስፈልገውን ጆሮ ስላባከነበት ነው።

የስልካችን ማሳወቂያ የዘመኑ ጥሩምባ ነው። ግሩፑ ሲጮህ አንድ ሰው ተቸግሮ ነው ብለን ካመንን እንከፍተዋለን። ካላመንን እንዘጋዋለን። ከርዕስ ውጭ የሆነ መልእክት የሚሰርቀው ይህንን እምነት ነው።

እድር ሌላም ነገር ያስተምራል። አባል በስብሰባ መሐል የቤቱን ጉዳይ ቢያነሳ ሰብሳቢው አያባርረውም። «ወንድሜ፣ ይህ የዛሬ አጀንዳ አይደለም፤ ከስብሰባው በኋላ እንነጋገርበታለን» ይለዋል። ክብሩ አልተነካም፤ ስብሰባውም አልተበላሸም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከርዕስ ውጭ የሆነ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቢያንስ በአራት መክፈል ይቻላል።

አንደኛው ማስታወቂያ፣ የሳንቲም ሊንክና ማጭበርበሪያ ነው። የለጠፈው ሰው እርዳታ አልፈለገም፤ ጆሮ ነው የፈለገው። ይህ ያለ ማመንታት ይጥፋ። ደጋግሞ የሚለጥፍ ይውጣ። በዚህ ላይ ርኅራኄ ማሳየት በተቸገረው ላይ መጨከን ነው።

ሁለተኛው ቦታውን የሳተ እውነተኛ ጥያቄ ነው። የኮምፒውተር ጥገና ግሩፕ ውስጥ ስለ ባንክ አፕ የሚጠይቅ፣ የፕሮግራሚንግ ግሩፕ ውስጥ ስለ ፕሪንተር የሚጠይቅ ሰው አለ። ይህ ሰው አጥፊ አይደለም፤ መንገድ የጠፋው ነው። መንገድ ለጠፋው ሰው መንገድ ይነገረዋል። «ሰላም፤ ይህ ግሩፕ የኮድ ጥያቄ ብቻ የሚስተናገድበት ነው። ለፕሪንተር ጉዳይ ይህኛው ግሩፕ ይረዳዎታል» የሚል አንድ መስመር 10 ሰከንድ አይፈጅም። ሰውየው ለዓመታት ያስታውሰዋል።

ሦስተኛው ሰላምታ፣ የበዓል ምኞት፣ ሐዘን፣ ቀልድ ነው። «ሰው ነን፤ ሁሉን በደንብ ካሰራችሁት ግሩፑ ይሞታል» የሚሉ ወዳጆች አሉ፤ እውነት አላቸው። የማያውቁትን ሰው በነፃ የሚረዱት ፍቅር ሲኖር ነው፤ ፍቅር ደግሞ በጨዋታ ይመጣል። መልሱ ጨዋታውን ማገድ ሳይሆን ዩዝኔት እንዳደረገው ክፍል መስጠት ነው። ቴሌግራም ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ አንድን ግሩፕ በርዕስ ወደ ክፍሎች መክፈል ፈቅዷል። አንዱ ክፍል «ጥያቄ»፣ አንዱ «ገበያ»፣ አንዱ «ቡና» ይባል። ባለሙያው የ«ጥያቄ»ን ማሳወቂያ ክፍት አድርጎ የ«ቡና»ውን ሊዘጋ ይችላል። ሳተው የመጣውን መልእክት አስተዳዳሪው ወደ ክፍሉ አስተላልፎ ከዋናው ያነሳዋል። የጠፋ ነገር የለም፤ የተዛወረ ብቻ ነው።

አራተኛውና ከባዱ ፖለቲካ ነው። እዚህ ላይ መስመሩን የሚያሰምረው የጉዳዩ ስሜታዊነት መሆን የለበትም። ጥያቄው «ቴክኒካዊ መልስ አለው ወይ?» የሚል መሆን አለበት። ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎች በአገራችን ተገድበው ነበር። በዚያ ወቅት «ቪፒኤን እንዴት ይሠራል? የትኛው የስልኬን መረጃ አይሰርቅም?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከርዕስ አልወጣም። ጥያቄው ቴክኒካዊ ነው፤ መልሱም ቴክኒካዊ ነው። «ገደቡን ማን አመጣው? ተገቢ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ደግሞ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ መነጋገሪያው ግን ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያውን በፍርሃት የሚያጠፋ አስተዳዳሪ ጠያቂውን ከድቶታል። ሁለተኛውን ሳይገድብ የሚተው አስተዳዳሪም እንዲሁ።

እዚህ ጋ የሁላችንም ፈተና ይመጣል። አስተዳዳሪው የሚጠላው ወገን ሲለጥፍ «ከርዕስ ውጭ ነው» ብሎ ያጠፋል። የሚወደው ወገን ሲለጥፍ «ይህ እንኳን የወገን ጉዳይ ነው» ብሎ ይተወዋል። አባላት ይህን በአንድ ቀን ነው የሚያውቁት። ከዚያ በኋላ ደንቡ ደንብ መሆኑ ይቀርና የአንድ ወገን ዱላ ይሆናል። ያለ ፖሊስ፣ ያለ ፍርድ ቤት፣ በፈቃዳችን በተሰበሰብንበት ትንሽ ቦታ ለማንወደው ሰው እኩል ደንብ ማስከበር ካቃተን፣ በትልቁ ቦታ እንዴት ይሆንልናል? ስለ ተቋማት ድክመት ብዙ እንጽፋለን። ተቋም ከዚህ ይጀምራል።

ለአስተዳዳሪዎች የማክለው ጥቂት ነው። ደንቡን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጭቅጭቅ ከተነሳ በኋላ የሚወጣ ደንብ ለአንድ ሰው የወጣ ይመስላል። ስትጽፉ የተከለከለውን ብቻ አትዘርዝሩ፤ ምን እንደሚጠየቅና እንዴት እንደሚጠየቅ በምሳሌ አሳዩ፤ ከላይ ፒን አድርጉት። ስታጠፉ ምክንያቱን በአንድ መስመር ተናገሩ። የተሳሳታችሁ የመሰለው ሰው የሚያቀርብበት መንገድ ክፈቱ። እናንተም የራሳችሁን ሱቅ ማስታወቂያ «ጥያቄ» ላይ አትለጥፉ።

ለአባላት ደግሞ አንድ ነገር። ከርዕስ የወጣ መልእክት ሥር 15 ሰው «ከርዕስ ውጭ ነው!» ብሎ ሲጮህ ከመልእክቱ ይልቅ ጩኸቱ ይከፋል። አንድ መልእክት የነበረው 16 ሆነ። ለአስተዳዳሪው አመልክታችሁ እለፉ። ጊዜ ካላችሁ ወደ ላይ ወጣ ብላችሁ ያልተመለሰች አንዲት ጥያቄ ፈልጉና መልሱ። ግሩፕ የሚጸዳው በተጠፋው መልእክት ብዛት ብቻ አይደለም፤ መልስ ባገኘው ሰው ብዛትም ነው።

ማሽን ብዙ ነገር ይመልሳል። መርካቶ ውስጥ የሚሸጠው ቻርጀር ኦሪጅናል መሆኑን በዓይን እንዴት እንደሚለዩት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ኮምፒውተር በምን እንደሚቆይ፣ የትኛው ጠጋኝ ዕቃ እንደማይቀይር ግን የሚያውቀው እዚህ የሚኖር ሰው ነው። ያ ሰው ግሩፑ ውስጥ እንዲቆይ ጆሮውን አናባክንበት። ጠያቂውም እንዲመለስ በሩ ላይ አናዋርደው።

እናንተ ያላችሁበት ግሩፕ ይህን እንዴት ነው የሚያደርገው? ጥሩ ደንብ ያለው ካለ ከታች አስተያየት ላይ ንገሩን፤ ሌሎች አስተዳዳሪዎች ይወስዱታል።